ከገዢ ቁጥር ወደ ዱቄት፦ ለባዛር የሚጋገረውን በንጥጥር መመጠን

ለትምህርት ቤት ባዛር ወይም ለኮንዶሚኒየም ግቢ ገበያ የሚጋግር ሰው ብዙውን ጊዜ ስሌቱን ከዱቄት ይጀምራል፤ «አምስት ኪሎ ይበቃል ወይስ አስር?» ይላል። ዱቄቱ ግን የሚታወቀው መጨረሻ ላይ ነው። መንገዱ ከገዢው ወደ ኋላ ነው፦ ስንት ሰው ይመጣል፣ ከመጣው ስንቱ ይገዛል፣ ስንት ቁራሽ ይሆናል፣ ቁራሹ ስንት ግራም ነው፣ ያን ያህል ዳቦ ስንት ኪሎ ሊጥ ይፈልጋል፣ ከሊጡ ውስጥ ዱቄቱ ስንት እጅ ነው። በየደረጃው አንድ ንጥጥር ስላለ ስሌቱ ሲሳሳት የትኛው ላይ እንደተሳሳተ ይታወቃል፣ ለሚቀጥለውም ያንኑ ብቻ ማረም ይበቃል።

ከዚህ በታች ያለው ምሳሌ ኮዬ ፈጬ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ባዛር ነው እንበል። ለገጣፎም ሆነ ሰበታ ለሚጋግር ሰው ቁጥሮቹ ይለያዩ እንጂ አካሄዱ አይለወጥም።

የሰውና የቁራሽ ብዛት

«ብዙ ሰው ይመጣል» የሚል አዘጋጅ አያታልላችሁ። የታወቀ ቁጥር ፈልጉ፦ የተማሪ ብዛት፣ የተሸጠ የመግቢያ ትኬት፣ በብሎኩ ያሉ ቤቶች ብዛት። 200 ተማሪ ያለበት ትምህርት ቤት ቢሆንና ለ2 ተማሪ 3 ሰው ይመጣል ብንል 300 ሰው ይሆናል። ከዚያ ውስጥ ከ5 ሰው 2ቱ ይገዛል እንበል፤ 120 ገዢ። ሁለት ገዢ በአማካይ ሦስት ቁራሽ ቢያነሳ 180 ቁራሽ።

እነዚህ ለመነሻ ያህል የተወሰዱ ግምቶች ናቸው፤ ለእናንተ ሠፈር የሚሆነውን ባዛሩ ራሱ ይነግራችኋል። ግምቱን ወደ ላይም ወደ ታችም የሚገፉ ነገሮች ግን ከወዲሁ ይታወቃሉ። ግቢው ውስጥ ቡና የሚፈላ ከሆነ ድፎ ዳቦ ይፈለጋል። አጠገባችሁ ሳምቡሳ የምትጠብስ ካለች የድፎው ሽያጭ ይቀዘቅዛል፣ ጣፋጩ ግን ብዙም አይነካም። ሐምሌና ነሐሴ ከሆነ ደግሞ ከጠቅላላው ሲሶውን ቀንሱ፤ መንገዱ ጭቃ ሲሆን ልጁን ለመውሰድ ካልሆነ በቀር የሚወጣ የለም።

180ውን በዓይነት ስናከፋፍል ድፎ ዳቦ 4 እጅ፣ ኩኪስ 3 እጅ፣ ኬክ 2 እጅ ብንይዝ ድምሩ 9 እጅ ነው። 180 ለ9 ሲካፈል 20 ስለሚሆን 80 ቁራሽ ድፎ፣ 60 ኩኪስ፣ 40 ቁራሽ ኬክ ማለት ነው።

ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ፣ ወይም ዐቢይ ጾም፣ የነቢያት ጾም (ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና) ወይም ፍልሰታ (ከነሐሴ 1 እስከ 15) ላይ ከዋለ፣ እንቁላልና ቅቤ ያለበት ኬክ ከክፍፍሉ ይወጣል። የኬኩን 2 እጅ አንዱን ለድፎ፣ አንዱን ለኩኪስ ስጡት፤ 5 ለ4 ይሆናል፣ ማለትም 100 ድፎና 80 ኩኪስ። በዐቢይ ጾም ቅዳሜና እሑድም ከፍስክ ስለሚከለከሉ «ቅዳሜ ስለሆነ ችግር የለውም» የሚለው አይሠራም። በተቃራኒው ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾሙ ኬክ መቀነስ አያስፈልግም። ሌላው የሚረሳው ሰዓቱ ነው፤ በጾም ቀን ጠዋት የሚያልፈው ሰው ገና አልገደፈም፣ ገበያው የሚሞቀው ከስድስት ሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ በጾም ቀን ሁሉንም ጠዋት አትቁረጡት፤ የተቆረጠ ድፎ ፀሐይ ላይ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይደርቃል።

ከቁራሽ ወደ ሊጥ፣ ከሊጥ ወደ ዱቄት

እዚህ ላይ ሁሉም ነገር በክብደት ነው። በብርጭቆ የሚሰፍር ሰው ከዚህ ጀምሮ ያለው ስሌት አይሠራለትም፤ ለምን እንደሆነ ኩኪሱ ጋ ስንደርስ ይታያል። ሚዛን ከሌላችሁ የሠፈሩ ሱቅ ሚዛን ላይ የራሳችሁን ብርጭቆ አንድ ጊዜ በዱቄት፣ አንድ ጊዜ በስኳር ሞልታችሁ አስመዝኑና ጻፉት። ሩብ ሊትር ገደማ የምትይዝ ብርጭቆ በዱቄት ስትሞላ ከ120 እስከ 130 ግራም፣ በስኳር 200 ግራም አካባቢ ትመዝናለች። ውሃ 1 ሊትር 1 ኪሎ ነው፤ ዘይት ግን 1 ሊትሩ 920 ግራም ያህል ነው።

ድፎው ጋ እንምጣ። ዳቦ ጋጋሪዎች ዱቄቱን 100 አድርገው ሌላውን ሁሉ ከእሱ አንጻር ይይዛሉ። ለዚህ አካባቢ የሚስማማ የድፎ ንጥጥር፦ ዱቄት 100፣ ውሃ 62፣ ዘይት 5፣ ስኳር 3፣ ጨው 2፣ ደረቅ እርሾ 1፣ ጥቁር አዝሙድና ኮረሪማ አንድ ላይ 1። ድምሩ 174 ነው።

አንድ ቁራሽ 120 ግራም ይሁን ብንል 80 ቁራሽ 9.6 ኪሎ የተጋገረ ዳቦ ነው። ዳቦ ሲጋገር ውሃው ስለሚተን ከሊጡ ክብደት ይቀንሳል፤ በኮባ ተጠቅልሎ ለሚደፋ ድፎ 12 በመቶ መያዝ ይበቃል፣ ለትናንሽ ክብ ዳቦ እስከ 15 ይደርሳል። 9.6 ለ0.88 ሲካፈል 10.9 ኪሎ ሊጥ። (12 በመቶ እንጨምር ብላችሁ በ1.12 አታባዙ፤ 10.75 ይወጣል፣ ሊጡ ያንሳል። ልዩነቱ እዚህ ትንሽ ይምሰል እንጂ ቅናሹ በጨመረ ቁጥር ይሰፋል።) 10.9 ለ1.74 ሲካፈል 6.26 ኪሎ ዱቄት። በእጅና በሳህን ላይ የሚቀረውን 2 በመቶ ጨምረን 6.5 እናድርገው።

ስለዚህ፦ ዱቄት 6.5 ኪሎ፣ ውሃ 4 ሊትር፣ ዘይት 325 ግራም (350 ሚሊ ሊትር ገደማ)፣ ስኳር 195፣ ጨው 130፣ እርሾ 65፣ ቅመም 65 ግራም። ከዚህ 11.3 ኪሎ ሊጥ ይገኛል፤ ለሦስት ሲከፈል እያንዳንዱ ድፎ 3.7 ኪሎ ሊጥ ይሆናል፣ ከተጋገረ በኋላ 3.25 ኪሎ ይመዝናል፣ 27 ቁራሽ ይወጣዋል። ሦስቱ 81።

ውሃውን ሁሉ በአንዴ አታፍስሱ። የዱቄት ውሃ አያያዝ ከወፍጮ ወፍጮ ይለያያል፤ ግማሽ ሊትሩን አስቀሩና ሊጡን እያያችሁ ጨምሩ። በወፍጮ ቤት የተፈጨ ያልተነፋ ስንዴ ከፋብሪካ ፊኖ ዱቄት የበለጠ ውሃ ይጠጣል፣ እስከ 68 እና 70 ሊደርስ ይችላል። ውሃው ሲጨምር ድምሩም ከ174 ወደ 180 ስለሚሄድ የዱቄቱ ቁጥር እንደገና ይሰላል።

11 ኪሎውን ሊጥ በአንድ ጋን ወይም በርሜል ማቡካት የብዙ ሰው ስሕተት ነው። ብዙ ሊጥ በአንድ ላይ ሲሆን መሐሉ የራሱን ሙቀት ይይዛል፤ ዳር ዳሩ ገና ሳይነሳ መሐሉ ኩፍ ብሎ አልፎ ይኮመጥጣል። ከዚህም በላይ ምድጃው የሚይዘው አንድ ድፎ ብቻ ከሆነ ሦስተኛው ተራው እስኪደርስ ሁለት ሰዓት ተኩል ይጠብቃል። በሦስት ሳህን፣ በሰዓትና በሩብ ልዩነት አቡኩት።

አቆራረጡም ንጥጥር አለው። 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ድፎ ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሳህን መሐሉ ላይ ደፍታችሁ ዙሪያውን በቢላ ቁረጡ። ስፋቱ ግማሽ የሆነ ክብ የትልቁን ሩብ ነው የሚይዘው፤ ስለዚህ የውስጡና የውጭው ድርሻ 1 ለ3 ነው። የውስጡን 7፣ የውጩን ቀለበት 20 አድርጉት። ጠርዙ ስለሚሳሳ የውጩ ቁራሽ በመጠኑ ሰፋ ማለቱ ያካክሰዋል። ከመሐል እስከ ጠርዝ በረጅሙ እየሰነጠቁ መቁረጥ ለቤት እንግዳ ጥሩ ነው፤ ለሽያጭ ግን ጫፉ ይሰበራል፣ ገዢውም ትልቁን እየመረጠ ያጓትታል። ሳይቀዘቅዝ የተቆረጠ ድፎ ደግሞ ውስጡ ሊጥ ይመስላል፣ ይፈረፈራልም።

ኩኪስ፦ 3፣ 2፣ 1

የኩኪስ ንጥጥር ለማስታወስ ቀላል ነው፤ ዱቄት 3 እጅ፣ ቅቤ 2 እጅ፣ ስኳር 1 እጅ። ለጾም በቅቤው ፋንታ ማርጋሪን ይገባል፤ ነገር ግን እሽጉ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፣ የወተት ተዋጽኦ ያለባቸው ማርጋሪኖች አሉ። ዘይት እንዳለ አይተካውም፤ ሊጡ ይለቃል።

አንዱ ኩኪስ ተጋግሮ 30 ግራም ቢሆን፣ 10 በመቶ ሲቀንስ ሊጡ 33 ግራም ነው። ከ15 አንዱ ይሰበራል ብላችሁ ያዙ፤ በተለይ በባጃጅ የሚጓዝ ከሆነ። ስለዚህ ለ60 ሽያጭ 64 ይጋገራል፣ ይህም ከብክነት ጋር 2.16 ኪሎ ሊጥ ነው። ለ6 እጅ ሲካፈል 360 ግራም፤ ዱቄት 1,080፣ ማርጋሪን 720፣ ስኳር 360።

አሁን ይህንኑ 3፣ 2፣ 1 በብርጭቆ ብትሰፍሩት ምን እንደሚሆን እዩ። ሦስት ብርጭቆ ዱቄት 375 ግራም ነው። ሁለት ብርጭቆ ማርጋሪን ግን 450 ግራም ይሆናል። ቅባቱ ከዱቄቱ በለጠ ማለት ነው፤ ፓትራው ላይ ያስቀመጣችኋቸው 20 ኩኪሶች ቀልጠው አንድ ቂጣ ይሆናሉ። «አሠራሩ ትክክል ነው፣ ምድጃው ነው ያበላሸብኝ» ሲባል ብዙውን ጊዜ ነገሩ ይሄ ነው።

ኬኩና ከፍታው

መሠረታዊው የኬክ ንጥጥር ዱቄት፣ ስኳር፣ ቅቤና እንቁላል እኩል በእኩል ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን እኩል በእኩሉ መሐሉ ይሰጥማል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። አየሩ ሲሳሳ ጋዙ ቶሎ ይለጠጣል፣ ኬኩ እንቁላሉ ሳይረጋ ይነሳና የሚደግፈው አጥቶ ይወድቃል። ውሃውም ቶሎ ስለሚተን የቀረው ሊጥ ስኳሩ ይበዛበታል፣ ስኳር ደግሞ መርጋቱን ያዘገያል። ሱሉልታና እንጦጦ ጀርባ ላይ ይብሳል፤ አቃቂና ገላን ትንሽ ይሻላል።

ስለዚህ 5፣ 4፣ 4፣ 5 ያዙ፦ ዱቄት 5፣ ስኳር 4፣ ቅቤ 4፣ እንቁላል 5፤ ድምር 18 እጅ። ቤኪንግ ፓውደር ከዱቄቱ 1.5 በመቶ ይበቃል፤ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ለሚኖር ሰው የተጻፈ አሠራር ብዙውን ጊዜ የዚህን እጥፍ ያዛል። ምድጃውንም ከታዘዘው በ10 ዲግሪ ገደማ ከፍ አድርጉት፣ ቶሎ እንዲረጋ።

40 ቁራሽ በ70 ግራም 2.8 ኪሎ ነው። 10 በመቶ ቅናሽና ሳህን ላይ የሚቀረው ሲታሰብ 3.24 ኪሎ ሊጥ፤ አንዱ እጅ 180 ግራም። ዱቄት 900፣ ስኳር 720፣ የገበታ ቅቤ 720፣ እንቁላል 900፣ ቤኪንግ ፓውደር 13 ግራም ገደማ።

እንቁላሉን በቁጥር አትግዙት። የፈረንጅ እንቁላል ከቅርፊቱ ሲወጣ 50 ግራም ያህል ነው፣ 18 ይበቃል። የሐበሻ እንቁላል 35 ግራም ገደማ ስለሆነ 26 ያስፈልጋል። የፈረንጁን አሠራር ይዞ 18 የሐበሻ እንቁላል የሰበረ ሰው 270 ግራም ጎድሎበታል፤ ኬኩ ደርቆ ሲሰነጠቅ ምክንያቱን ዱቄቱ ላይ ያገኘው ይመስለዋል።

የፎርማው መጠን ሲቀየር የሚነጻጸረው የስፋቱ ቁጥር በራሱ ተባዝቶ ነው። ባለ 20 ሳንቲ ሜትር ፎርማ የሚይዘውን ወደ ባለ 30 ለመቀየር 400 ለ900፣ ማለትም 4 ለ9፤ ሊጡ ሁለት እጥፍ ከሩብ ይሆናል። በአንድ ተኩል ያባዛ ሰው የሚያገኘው ቂጣ የመሰለ ኬክ ነው።

ምድጃው የሚወስደው ጊዜ

ሊጥ በቁጥር ይባዛል፤ ምድጃ ግን አይባዛም። ለአንድ ድፎ 75 ደቂቃ፣ ሦስቱ 225። ኩኪሱ በአንድ ፓትራ 20 ቢሆን አራት ዙር፣ በ18 ደቂቃ 72። ኬኩ ሁለት ፎርማ፣ በ45 ደቂቃ 90። ድምሩ 387 ደቂቃ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ከከተማው ዳር ላለ ሰው መብራት ሊጠፋ እንደሚችል ማሰብ ግድ ነውና ለየ3 ሰዓቱ 1 ሰዓት ጨምሩ፤ ወደ ስምንት ሰዓት ተኩል ይደርሳል። ይህ በአንድ ሌሊት አይያዝም። ኩኪሱ ሐሙስ ይጋገር፤ በደንብ ቀዝቅዞ አየር በማያስገባ ዕቃ ከተከደነ ይቆያል። ኬኩ ዓርብ ከሰዓት፣ ድፎው ዓርብ ማታ።

ሊጡ ኩፍ ብሎ መብራት ቢጠፋ አትደናገጡ፤ ተጫኑትና አየሩን አስወጡት፣ ቀዝቃዛ ቦታ ከድናችሁ አኑሩት። አንድ ጊዜ እንደገና ይነሳል፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ከሆነ ግን ይኮመጥጣል። ከሰል ወይም ማገዶ ካለ ድፎ በሸክላ ምጣድ ይደፋል፤ ኬክ ግን በዚያ አይሞከርም። ከድፎው ቀድማችሁ የምትጋግሩት ስለዚህ ኬኩን ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ሲበርድ ሊጥ ይዘገያል፤ እርሾ መጨመር ሳይሆን ለብ ባለ ውሃ ማቡካት ነው መፍትሔው። እርሾው ከ1 ወደ 2 ከፍ ሲል ዳቦው የእርሾ ሽታ ይይዛል፣ በማግሥቱም ቶሎ ይደርቃል።

ዋጋ

የሁሉም ዕቃ፣ የመብራት ወይም የከሰል፣ የባጃጅና የመጠቅለያ ወጪ ተደምሮ ለምሳሌ 3,600 ብር ቢሆን፣ የምታካፍሉት ለ180 አይደለም። ከ9 ቁራሽ 8ቱ ይሸጣል ብላችሁ ለ160 አካፍሉ፤ 22 ብር ከ50። ወጪና ትርፍ 3 ለ2 እንዲሆን ከፈለጋችሁ በ5 አባዝታችሁ ለ3 አካፍሉ፤ 37 ብር ከ50። ይህን 40 አድርጉት። ዝርዝር ፍለጋ ወረፋውን ይገድለዋል፣ በቴሌብር የሚከፍልም ቢሆን ድፍን ቁጥር ይመርጣል። ኬኩ እንቁላልና ቅቤ ስላለበት ብቻውን ቢሰላ ይሻላል፤ ከድፎው ጋር በአንድ ዋጋ ከተሸጠ ድፎው የኬኩን ዕዳ ይከፍላል። የቅቤና የዘይት ዋጋ ስለሚለዋወጥ ወጪው በገዛችሁበት ሳምንት ይደመር።

ከሽያጩ በኋላ የሚጻፈው

የተረፈውን ብቻ አትቁጠሩ፤ ያለቀው ስንት ሰዓት ላይ እንዳለቀም ጻፉ። ከ81 ድፎ 66 ተሸጠ፣ ኬኩ ከ40 ውስጥ 38፣ ኩኪሱ 60ውም ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ አለቀ እንበል። ድፎውና ኬኩ የተሸጠላቸው ቁጥር ፍላጎታቸውን ያሳያል። ኩኪሱ ግን አያሳይም፤ ባይኖር ነው እንጂ ባይፈለግ አይደለም። ከስድስቱ ሰዓት በአራት ሰዓት ተኩሉ 60 ከሄደ፣ በሙሉው 80 ይሄድ ነበር ማለት ነው። ይሁን እንጂ ገበያ ቀኑን ሙሉ እኩል አይሄድም፤ የወላጆች ስብሰባ ያለቀበት ሰዓት ላይ ተሻምተውት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ልዩነቱን እኩሌታ ብቻ ውሰዱ፤ 60 ሳይሆን፣ 80ም ሳይሆን 70። ድፎውም እንዲሁ ከ81 ወደ 66 በአንዴ አይወርድም፤ 73 ወይም 74 ይሁን። ኬኩ በ40 ይቆይ። አዲሱ ክፍፍል 74፣ 70፣ 40 ሲሆን ድምሩ 184 ነው፤ ከቀድሞው 180 ብዙም አልራቀም፣ የተለወጠው የዓይነቱ ድርሻ ነው።

በሩ ላይ አንድ ሰው ቆሞ የገባውን ቢቆጥር የመጀመሪያው ግምትም ይታረማል። 300 ይመጣል የተባለው 240 ሆኖ 164 ቁራሽ ከተሸጠ፣ ለ3 ሰው 2 ቁራሽ ገደማ ደርሷል፤ በግምቱ ግን ለ5 ሰው 3 ነበር። ቀጣዩ ባዛር ላይ የምትነሱት ከዚህኛው ነው፣ ጾም ከሆነ ግን ከጾም ባዛር ማስታወሻ እንጂ ከዚህኛው አይደለም፤ ሁለቱን በተለያየ ገጽ ጻፏቸው።